ርስት ሳይሆን ይዞታ፦ በኮልፌ ቀራንዮ ቤት ገዝቶ፣ ጠግኖና አከራይቶ ስለ መኖር

አበ ብዙኃን አብርሃም የሣራን አስከሬን የሚያሳርፍበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ፣ ኬጢያዊው ኤፍሮን እርሻውንም ዋሻውንም ያለ ዋጋ እንደሚሰጠው በሕዝቡ ፊት ቢናገርም፣ አብርሃም ግን ስጦታውን አልቀበልም ብሎ፣ በከተማይቱ በር፣ ሕዝቡ እየሰማና እያየ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ኦሪትም እርሻው ከነዋሻው፣ ከነዛፉና ከነወሰኑ ለአብርሃም እንደ ጸናለት ትመሰክራለች። ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ በነበረችበት በዚያ ክፉ ዘመን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ሲገዛ፣ በምስክሮች ፊት ውል ጽፎ አተመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ውልም ለብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው ባሮክን አዘዘው። እነዚህን ሁለት አብነቶች አስቀድሜ ማምጣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አሟጥጦ የሚከራይ ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰው ከሚደርስበት መከራ አብዛኛው የሚመጣው፣ በዋጋው ነገር ከደላላ ጋር ቀንና ሌሊት ሲከራከር ሰንብቶ፣ አብርሃምና ኤርምያስ የተጨነቁበትን የወሰኑን፣ የምስክሩንና የጽሑፉን ጉዳይ እንደ ንዑስ ነገር ቈጥሮ በማለፉ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ሲባል አንድ መልክ ያለው ሰፈር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ቤተልና ወደ ዓለም ባንክ የሚዘልቀው ወገን በአብዛኛው በማኅበርና በግል የተሠሩ የብሎኬት ቤቶች የቆሙበት ሲሆን፣ ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያና እስከ እፎይታ ገበያ ያለው አሮጌው ኮልፌ ደግሞ የጭቃ ቤት፣ የጠባብ መንገድና ግቢውን ለብዙ ተከራይ የከፈለ ባለቤት አገር ነው፤ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምና ወደ አንፎ ሲወጣ ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ግቢ ሆኗል፤ በሚኪሌላንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረዋል።  ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞና ከአካባቢው የኦሮሞ ምድር የመጣው ሠርቶ አዳሪ ወደ መርካቶ ለመቅረብ ሲል በዚህ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ኑሮውን ስለሚጀምር፣ የኪራይ ቤት ሥራ በኮልፌ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው አንዱ ግብር ይኸው ነው።

ነገር ግን ቤት ሊገዛ የተነሣው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። አባቶቻችን ርስት የሚሉት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው መሬት፣ በ1967 ዓ.ም. ፍጻሜው ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ሁለት ሦስት ቤት እያከራየ ልጆቹን ያሳድግ የነበረው ሰው በአንድ ማለዳ የሚኖርባት አንዲት ቤት ብቻ ቀረችለት፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ዛሬም በኮልፌ ሽማግሌዎች ዘንድ ትርፍ ቤት የሚለው ቃል ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥም መሆኑን ስላጸና፣ ገዥው በሕግ የሚገዛው በመሬቱ ላይ ያረፈውን ቤትና በመሬቱ የመጠቀምን መብት ነው፤ ያም መብት ነባር ይዞታ ከሆነ አንድ ሥርዐት፣ በሊዝ የተገኘ ከሆነ ሌላ ሥርዐት አለው። በሊዝ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ሲሆን፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለ ከቤቱ ጋር ወደ ገዥው እንደሚዞር የማያውቅ ገዥ በርካሽ ገዛሁ ብሎ የተደሰተበትን ቤት በዓመቱ ውድ ሆኖ ያገኘዋል።

ስለዚህ ምርመራው ከካርታው ይጀምራል። ካርታ ሲባል ሻጩ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሣጥኑ የሚያወጣው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የዚያ ወረቀት እናት የሆነው መዝገብ በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤትና በይዞታ ምዝገባው ዘንድ አለ፤ የሚታመነውም እርሱ ነው። ስፋቱ በካሬ ሜትር በመሬቱ ላይ ሲለካ ከካርታው ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ አጥሩ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ወንዝ ዳር ገፍቶ እንደሆነ፣ በመዋቅራዊው ፕላን ላይ በግቢው መካከል የሚያልፍ መንገድ ተሥሎ እንደሆነ፣ ባንክ በመያዣነት ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ እስከ ዘንድሮ ተከፍሎ እንደሆነ፣ እነዚህን ሁሉ በደላላ አፍ ሳይሆን በማኅተም የተረጋገጠ መልስ እስኪያገኝባቸው ድረስ ገዥው እጁን ወደ ኪሱ ማግባት የለበትም። በውክልና የሚሸጥ ሲገጥመው ደግሞ ውክልናው ለመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ልዩ ውክልና መሆኑንና አለመሻሩን ከሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን ሲያዝ የአብርሃምን አደባባይ በዘመናችን መልክ ማቆሙ ነው፤ በሦስት ምስክርና በአንድ ሉክ ወረቀት፣ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ውል ግን ሰላም እስካለ ድረስ ውል ይመስላል እንጂ ጠብ የተነሣ ዕለት ገዥውን አያድነውም።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤተል በላይ ባለ መንደር ሦስት ክፍል ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ያለው ግቢ ለመግዛት ተስማምቼ፣ ካርታውም በሻጩ ስም መሆኑን አይቼ፣ ደላላው ሌላ ገዥ ዛሬ ማታ ይመጣል እያለ ቢያጣድፈኝ፣ ቀብድ ከፈልኩ። በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ፤ የደወለችው የሰውየው ሚስት ነበረች፤ ከቤይሩት ነው የምትደውለው። «ወንድሜ፣ ያ ቤት የተሠራው እኔ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ በላክሁት ገንዘብ ነው፤ አልሸጥሁልህም» አለችኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚጠይቅ አላወቅሁም አልልም፤ ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ችኮላዬ ሻጩን ባለትዳር ነህ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሕጉ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ያዛል፤ እኔ ግን በስምንተኛው ወር በሽማግሌ ዋናውን ብቻ ተቀብዬ ተለያየን፤ በሴትዮዋም አልፈረድኩባት፤ እውነቱ ከእርሷ ጋር ነበረና። ከዚያ ወዲህ ምክር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ፣ ካርታው የአንድ ሰው ስም ቢይዝም የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ፣ ቤቱ በውርስ የተገኘ ከሆነም የወራሾቹን ሁሉ ፊርማ ሳታይ ቀብድ አትክፈል እላለሁ።

ለገበያ የሚቀርቡት ቤቶች ዐይነታቸው ብዙ ነው። የቀበሌ ቤት የተከራዩ ስላልሆነ አይሸጥም፤ እንሽጥልህ የሚሉ ግን አሉ። የጨረቃ ቤት፣ ይኸውም ያለ ፈቃድ በሌሊት ተጀምሮ በሌሊት ያለቀው፣ ርካሽነቱ ድኻውን የሚያማልል ቢሆንም፣ አፍራሽ ማሽን የመጣ ዕለት ግምት የሚከፈልበት ምክንያት አይኖርም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ለሚነሣ ሰው ካሣ የሚሰጠው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነው ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በከተማይቱ ሲዘረጋ በወረቀት የጸናውና በወረቀት ያልጸናው ምን ያህል እንደሚለያዩ ያላየ ሰው የለም። ኮንዶሚኒየም በበኩሉ ዕጣ የደረሰው ሰው ከተረከበ 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጠው የተከለከለ ስለሆነ፣ በዚህ ዘመን ውስጥ በውክልና ስም የሚደረግ ሽያጭ በሰው ቸርነት ላይ የቆመ ነው። የክልከላው ዘመን ያለፈበት ኮንዶሚኒየም ግን፣ በተለይ ትንሽ ጥሪት ላለውና በውጭ አገር ለሚኖር ሰው፣ ከግቢ ቤት ይልቅ ድካሙ ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በ20/80 የቤት ፕሮግራም ከተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅና አሳንሰር የሌላቸው በመሆናቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ መድረሱን፣ የነዋሪዎቹ ማኅበርም በሕይወት መኖሩን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም፤ ማኅበሩ የሞተበት ሕንፃ የፍሳሽ ቱቦው የፈነዳ ዕለት ሃያ ባለቤት እያለው ባለቤት የሌለው ይሆናልና።

የቦታው ነገር ከዋጋ በላይ የሆነበት ጊዜም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው የቆሻሻ ክምር ሥር በጭቃና በላስቲክ ቤት ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ነፍሳት ክምሩ ተደርምሶባቸው አለቁ። ከቁልቁለት ግርጌ፣ ከወንዝ ገደል አፋፍ ወይም ከተቈለለ አፈር ሥር የቆመ ቤት በምንም ዋጋ የኪራይ ቤት መሆን የለበትም፤ ይህን የምለው ስለ ገንዘብ ብዬ አይደለም።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። በአሮጌው ኮልፌ ከሚሸጡት ግቢዎች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ አጠና የቆሙ የጭቃ ቤቶች ስለሆኑ፣ ገዥው ኮርኒሱንና ቀለሙን ከማየቱ በፊት የእንጨቱን እግር ማየት አለበት። አንድ ጊዜ የአጠና ተራ ሽማግሌ አናጺ ይዤ አንድ ቤት ልመረምር ሄጄ ነበር፤ ሽማግሌው ሳሎኑን ዞሮም አላየው፤ ከውጭ በኩል ከምድር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ምርጉን በካራ ፋቅ ፋቅ አደረገና ባለ 10 ቁጥር ምስማር በአውራ ጣቱ ገፋ፤ በመጀመሪያው ቋሚ ምስማሩ እምቢ አለ፤ በሁለተኛውም እምቢ አለ፤ በሦስተኛው፣ በማዕድ ቤቱ በኩል ባለው ማዕዘን ላይ፣ እስከ አናቱ ድረስ ድምፅ ሳያሰማ ገባ፤ ሲነቅለውም እርጥብ ዱቄትና ሁለት ነጫጭ ምስጥ ይዞ ወጣ። «ይህ ቤት የቆመው በቆርቆሮው ክብደት ነው፤ በእንጨቱ አይደለም» አለኝ። ሻጩም ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም የምህንድስና ሐተታ ይልቅ ያን ምስማር አምነዋለሁ።

የጭቃ ቤት ጠላት ውኃ ነው፤ ይህንንም በአኃዝ እንየው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወሮች ነው፤ እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በአንድ ዓመት 60,000 ሊትር ያህል ውኃ ከቆርቆሮው ላይ ያወርዳል ማለት ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ በግድግዳው ሥር ያፈስሰዋል፤ አጠናው የሚበሰብሰው፣ መሠረቱ የሚሰምጠው፣ ግድግዳው ሆዱን የሚነፋው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቤት የሚጠግን ሰው የመጀመሪያው ብሩ ለአሸንዳ፣ ሁለተኛው ውኃውን ከግቢ ለሚያስወጣ ቦይ፣ ሦስተኛው የበሰበሱትን ቋሚዎች እግር ቈርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ለማሳረፍ ይሁን። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ገዥው ቁልፍ በተረከበ ማግስት ጂፕሰም ያስመታል፣ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ የጭቃውንም ግድግዳ ዘመናዊ ለማስመሰል በሲሚንቶ ያስለስነዋል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከጭቃ ጋር ባሕርያቸው ስለማይስማማ እርጥበቱን በውስጡ አምቆ ይይዝና በሁለተኛው ክረምት እንደ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል። ጭቃን በጭቃና በጭድ መርጎ ኖራ መቀባት የድኻ ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እርሱ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከውኃው ቀጥሎ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይመጣል፤ ስለ እርሱ መጻፍ የማያምር ቢመስልም ስድስት ተከራይ ያለው ግቢ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በእርሱ ነው። መንገዱ ጠቦ የመምጠጫ መኪና ከበሩ ካልደረሰ፣ ያ ጉድጓድ በሞላ ቁጥር ግቢው የጠብና የበሽታ ቦታ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት የመንገዱን ስፋት በእርምጃ መለካት ነውር የለውም። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ ለአንድ አምፑል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሦስት ምጣድ የሚሰካበት ግቢ ለእሳት የተዘጋጀ ነው፤ ለምጣድ የብቻው ወፍራም መስመር መሳብ፣ ለእያንዳንዱ ተከራይም ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት በመጀመሪያው ዓመት ወጪ ቢመስልም፣ በየወሩ መጨረሻ የማን መብራት ስንት በላ የሚለውን ክርክር ያስቀራል። ገፈርሳ ግድብ ለዚህ ሰፈር ቅርብ ቢሆንም ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶ የሌለው ግቢ ኪራዩ ዝቅ ይላል። ግድግዳ የሚያነሣ፣ ክፍል የሚጨምር ወይም ፎቅ የሚሠራ ሰው ደግሞ በሕንፃ ሕጉ መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ የተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ነበርና፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ እየደረደሩ ያለ ኮለንና ያለ ማሰሪያ ፌሮ ቤት ማቆም በሰው ነፍስ ቁማር መጫወት ነው።

ሒሳቡስ? ለምሳሌ ያህል አንድ ግቢ በ6,000,000 ብር ተገዝቶ ከክፍሎቹ ሁሉ በወር 25,000 ብር ቢያስገባ፣ የዓመቱ 300,000 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ አንድ ወር ባዶ የሚቀርበትን 25,000 ብርና ለጥገና 30,000 ብር ስናነሣ 245,000 ብር ይቀራል፤ ይህም ከዋናው ገንዘብ አንጻር በመቶ 4 ገደማ ሲሆን፣ የኪራይ ገቢ ግብሩና የንብረት ግብሩ ገና አልተቀነሱም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ በመቶ 7 ማድረጉን ስናስታውስ፣ የኪራይ ቤት በወር ገቢው ብቻ ከተመዘነ ከባንክ ደብተር ያነሰ ነው። ሰው ግን ስለዚህ አይደለም የሚገዛው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሲሆን እንዳየነው፣ ብር በእጅ ይቀልጣል፤ ቤት ግን ይቆማል። ይህ አሳብ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን ቤቱ የሚቆመው ሲጠገን ነው፤ የጥገናውንም ገንዘብ ለብቻው የማያስቀምጥ ባለቤት ዋናውን እየበላ ትርፍ የበላ ይመስለዋል። ግብሩን በተመለከተ፣ በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር ከፍተኛው ደረጃ በመቶ 35 ስለሚደርስ፣ የቆርቆሮውንም የምስማሩንም ደረሰኝ በአንድ ሣጥን እየሰበሰቡ መዝገብ መያዝ ዋጋ አለው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውን ማስተዳደር ነው። ቀድሞ አከራይ በቃሉ ያከራይ፣ በቃሉም ጨምር ወይም ልቀቅ ይል ነበር፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያው ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪውም ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ብዙ አከራዮች በዚህ ሕግ ያጕረመርማሉ፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ፤ በሐምሌ ዝናብ ልጆቿን ይዛ ክፍል ስትፈልግ የምትዞር እናት ያየ ሰው፣ ሁለት ዓመት መቀመጥ መብት ነው መባሉን አይጠላም። ለባለቤቱም ቢሆን ተከራይ በተለዋወጠ ቁጥር ቀለም፣ ቁልፍ፣ ደላላና የባዶ ወር ወጪ ስለሚከተል፣ ሃምሳ መቶ ብር ጨምሮ የሚለቅቅ ተከራይ ከማምጣት ይልቅ በልኩ ከፍሎ የሚቀመጠውን መያዝ ይሻላል።

በኮልፌ አሮጌው ሰፈር ተከራዮቿ ሁሉ እማማ የሚሏት አንዲት ባለ ግቢ ዐውቃለሁ። ሰባት ክፍል ታከራያለች፤ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንድ የተማሪ ደብተር አላት፤ በግራው ገጽ የእያንዳንዱ ተከራይ ክፍያ፣ በቀኙ ገጽ በዚያ ወር የተጠገነው ነገር ተጽፏል፤ የቧንቧ ጎማ፣ የበር ማጠፊያ፣ ሁለት ክፈፍ ቆርቆሮ። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ አስወጥታ የላላውን ምስማር ሁሉ ታስመታለች፤ አሸንዳውንም ታስጠርጋለች። ከሰባቱ ተከራዮቿ አንዱ ሸማኔ ነው፤ ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሦስት ልጆቹ የተወለዱት በዚያች ክፍል ነው። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ሁለት ወር ሳይከፍል እንደቈየ ደብተሩ ይናገራል፤ ቀስ በቀስ እንደከፈለም ደብተሩ ይናገራል። ግቢዋ አንድም ወር ባዶ ክፍል ኖሮበት አያውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰፈር ቤት ለመግዛት ካሰብህ፣ ሻጩ በጥር ፀሐይ ቀለም ቀብቶ ሲያሳይህ አትቸኵል፤ ከተቻለህ በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት ሂድና በግቢው መካከል ቁም፤ ውኃው ከጣሪያው ወዴት እንደሚወርድ፣ ከግቢው በየት እንደሚወጣ ተመልከት፤ በማግስቱም ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄደህ የካርታውን ቍጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያይ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ክፈል።